ባዶ ቦታውን የሚሞላው ቃል የትኛው ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ በእንግሊዝኛ መልመጃ ላይ ትክክለኛውን ቃል መምረጥን የሚመለከቱ ናቸው። የእንግሊዝኛ ቃላቱንና ዐረፍተ ነገሮቹን በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ድምፅ አውጥታችሁ ብታነቧቸው ወዲያው ይገቧችኋል።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የእንግሊዝኛ ምርጫ ጥያቄ ላይ አራቱንም ቃላት ወደ አማርኛ ስመልሳቸው አንድ ዓይነት ይሆኑብኛል። የቃላት ትርጉም ደብተር ሙሉ ሸምድጃለሁ፤ ውጤቴ ግን ፈቀቅ አላለም። ምን ይሻለኛል? (ከደሴ)

መልስ፦ የሸመደድከው ከንቱ አይቀርም፤ ግን ጥያቄው የሚፈትንህ ሌላ ነገር ነው። ጥያቄ አውጪው ሆን ብሎ በትርጉም የሚቀራረቡ ቃላትን ነው የሚደረድረው። የሚለያዩት አብሯቸው በሚሄደው ቃል ነው። ስለዚህ ምርጫዎቹን ከመተርጎምህ በፊት የባዶ ቦታውን ግራና ቀኝ መርምር፤ በተለይ ቀኙን። አንድ ምሳሌ በደንብ እንየው።

«ሂዝ ፋዘር ____ ሂም ቱ ስተዲ ሜዲሲን።»
ሀ. ሰጀስትድ  ለ. አድቫይዝድ  ሐ. ሴድ  መ. ኤክስፕሌይንድ

በአማርኛ ሐሳብ አቀረበለት፣ መከረው፣ አለው፣ አስረዳው ይሆናሉ። አራቱም ግሦች «እሱን» የሚያመለክተውን ምዕላድ በምቾት ተሸክመዋል፤ ስለዚህ ጆሮህ አንዱንም አይጥልልህም። አሁን ቀኙን እይ፦ «ሂም» አለ፣ ቀጥሎ «ቱ» እና ግስ አለ። ከአራቱ ውስጥ ሰውን ወዲያው አስከትሎ «ቱ» የሚቀበለው «አድቫይዝ» ብቻ ነው። «ሰጀስት» ከኋላው ሰው አይወድም፤ «ሰጀስት ዱዊንግ» ወይም «ሰጀስት ዛት» ነው የሚለው። «ሴይ» ሰው ለመጥራት መጀመሪያ «ቱ» ይፈልጋል። «ኤክስፕሌይን» ነገሩን ያስቀድምና ሰውየውን በ«ቱ» ያመጣዋል። ዐረፍተ ነገሩ «ሂዝ ፋዘር ____ ዘ ሌሰን ቱ ሂም» ቢሆን ኖሮ መልሱ «ኤክስፕሌይንድ» ይሆን ነበር።

ስትሠራ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ ምርጫዎቹን በእጅህ ሸፍን። ዐረፍተ ነገሩን እስከ ነጥቡ ድረስ አንብብ፤ ብዙ ተማሪ ባዶ ቦታው ላይ ሲደርስ ማንበቡን ያቆማል፣ መልሱን የሚነግረው ቃል ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። ከባዶ ቦታው ቀጥሎ የመጣው ምን እንደሆነ ለይ፦ ሰው ነው? ስም ነው? በ«አይኤንጂ» ያለቀ ግስ ነው? «ቱ» ነው? ጊዜ ጠቋሚ ቃል ካለ አስምርበት። ከዚያ በራስህ አንድ ቃል ገምት፣ እጅህን አንሳ፣ ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ጣል። እያንዳንዱን ስትጥል ምክንያቱን ለራስህ ተናገር። «ደስ አይልም» ምክንያት አይደለም፤ «ከኋላው ሰው አይቀበልም» ምክንያት ነው። ምክንያት ያጣህለትን ጥያቄ ምልክት አድርገህ እለፈውና ኋላ ተመለስበት።

ደብተርህንም ለውጠው። «አድቫይዝ፦ መከረ» ብለህ አትጻፍ። «አድቫይዝ ሰምባዲ ቱ ዱ ሰምሲንግ» ብለህ ቃሉን ከነጓደኞቹ ጻፈው፤ ከሥሩ ስለ ራስህ ቤተሰብ ወይም ትምህርት ቤት አንድ ዐረፍተ ነገር ጨምር። በቀን 30 ቃል ከነትርጉሙ ከምትሸመድድ 5 ቃል እንዲህ ብትይዝ ፈተና ላይ የሚያተርፍህ ይኼ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሥራ ላይ ነኝ፤ ማታ ማታ በስልኬ እንግሊዝኛ እለማመዳለሁ። «ሴይ»፣ «ቴል»፣ «ስፒክ» እና «ቶክ» ሲመጡብኝ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። እንዴት ልለያቸው? (ከዱባይ)

መልስ፦ እህታችን፣ እዚህ ላይ አማርኛሽ ግማሹን መንገድ ያደርስሻል። «ቴል» ማለት «ነገረ» ነው። «ነገረ» ስንል ለማን እንደነገረ ሳንጠቅስ አናልፍም፤ ነገረኝ፣ ነገራት፣ ነገራቸው እንላለን። «ቴል»ም እንዲሁ ሰውየውን ወዲያው ይፈልጋል፦ «ማዳም ቶልድ ሚ»። «ሴይ» ደግሞ «አለ» ነው። መሰናክሉ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ በአማርኛ «አለኝ» ማለት ስለሚቻል «ሺ ሴድ ሚ» ማለት ያምረናል። በእንግሊዝኛ ይህ ስህተት ነው። ወይ «ሺ ሴድ» ብለሽ ታቆሚያለሽ፣ ወይ «ሺ ሴድ ቱ ሚ» ትያለሽ።

«ስፒክ» ከቋንቋ ጋር ይሄዳል፤ «አይ ስፒክ አማሪክ»። በስልክ ማንነትን ስትጠይቂም፣ ሰው ፊት ንግግር ሲደረግም እሱ ነው። «ቶክ» ጨዋታና ወሬ ነው፤ ከ«አባውት»፣ ከ«ቱ» ወይም ከ«ዊዝ» ጋር ይመጣል።

ከዚህ ሌላ ከ«ቴል» ጋር የተጣበቁ ጥቂት አባባሎች አሉ፤ እነሱን በቃል ከመያዝ በቀር መላ የላቸውም። «ቴል ኤ ላይ» ውሸት መናገር ነው፤ አማርኛው «ተናገረ» ስለሚል «ስፒክ ኤ ላይ» ተብሎ ይጻፋል፣ ልክ አይደለም። «ቴል ኤ ስቶሪ»፣ «ቴል ኤ ጆክ»፣ «ቴል ዘ ታይም»፣ «ቴል ዘ ዲፈረንስ» የሚሉትንም ያዣቸው። መልመጃ ላይ ከባዶ ቦታው ቀጥሎ «ሚ»፣ «ሂም»፣ «ሀር» ወይም የሰው ስም ካየሽ መጀመሪያ «ቴል»ን ሞክሪ። ትእምርተ ጥቅስ ወይም «ዛት» ብቻ ካየሽ «ሴይ»ን።

ጥያቄ፦ ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። «ዲድ ኤ ሚስቴክ» ብላ ጽፋ ኤክስ ተደረገባት። «ስህተት ሠራሁ» ለማለት «ዱ» ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? «ሜክ» እና «ዱ»ን የምትለይበት ሕግ አለ ወይ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በአማርኛ «ሠራ» የቤት ሥራውንም ስህተቱንም ምግቡንም ይሸከማል፤ እንግሊዝኛ ግን ይከፋፍለዋል። የሚጠቅም መነሻ አለ፦ ከድርጊቱ በኋላ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ከተገኘ «ሜክ»፣ ያለ ሥራ ወይም ግዴታ ከተከናወነ «ዱ»። ኬክ፣ ሻይ፣ ድምፅ፣ ገንዘብ፣ ጓደኛ፣ ውሳኔ፣ ቃል ኪዳን ሁሉም «ሜክ» ናቸው፤ ስህተትም ከሰውየው የወጣ አዲስ ነገር ተደርጎ ስለሚቆጠር «ሜክ ኤ ሚስቴክ» ነው። የቤት ሥራ፣ መልመጃ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ንግድ፣ ውለታ፣ አቅም የፈቀደውን ማድረግ ደግሞ «ዱ» ናቸው።

ሕጉ ሁሉንም አይሸፍንም፤ ለልጅዎ ይህን ሳይደብቁ ይንገሯት። «ሜክ ዘ ቤድ» አናጢ አልጋ ሠራ ማለት አይደለም፤ አልጋ ማንጠፍ ነው። እንዲህ ያሉት በልምምድ ብቻ ይያዛሉ።

ዋናው ጣጣ ግን ከሁለቱ ግሦች ይሰፋል፤ በአማርኛ ከአንድ ስም ጋር የለመድነው ግስ በእንግሊዝኛ ሌላ ይሆናል። ትኩረት እንሰጣለን፤ እነሱ «ፔይ አቴንሽን» ይላሉ። ፎቶ እናነሳለን፤ እነሱ «ቴክ ኤ ፎቶ» ይላሉ። ሕልም እናያለን፤ እነሱ «ሃቭ ኤ ድሪም» ይላሉ። ጉንፋን ይይዘናል፤ በእነሱ ቋንቋ ግን ያዡ ሰውየው ነው፣ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። አንዳንዱ ደግሞ ይገጥማል፤ ፈተና ወሰደ «ቴክ አን ኤግዛም» ነው፣ መድኃኒት ወሰደ «ቴክ ሜዲሲን» ነው።

ቤት ውስጥ እንዲህ ያለማምዷት። 20 ያህል ስሞችን በትንንሽ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ «ሚስቴክ»፣ «ሆምወርክ»፣ «ፎቶ»፣ «ኖይዝ» እያሉ። አራት ሳህን ያስቀምጡና «ሜክ»፣ «ዱ»፣ «ቴክ»፣ «ሃቭ» ብለው ይሰይሟቸው። እሷ ወረቀቶቹን ትደለድል። የተሳሳተችባቸውን ለይተው በማግስቱ እነዚያን ብቻ ይድገሙ። ሁሉንም በየቀኑ መከለስ ልጅን ያሰለቻል፤ የምታውቀውን ደጋግማ ስትሠራ የማታውቀው ይሸሸጋል።

ጥያቄ፦ «ሲንስ» ጊዜ መነሻ፣ «ፎር» የጊዜ ርዝመት ነው ተብለን ተምረናል። ሕጉን አውቀዋለሁ፤ መልመጃ ላይ ግን አሁንም እስታለሁ። ምን እየጎደለኝ ነው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሕጉ ልክ ነው። የሚያስትህ በአማርኛ አስበህ ወደ እንግሊዝኛ ስታሻግረው «ከ… ጀምሮ» የሚለው ከርዝመት ጋርም መሄዱ ነው። «ከሦስት ዓመት ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ» ያልንበት ቦታ አለ፤ ያንኑ ስትገለብጥ «ሲንስ ስሪ ይርስ» ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ያለውን ነገር ቀን መቁጠሪያ ላይ በጣትህ መንካት ትችላለህ? «2015»፣ «መንዴይ»፣ «ማይ በርዝዴይ» ይነካሉ፤ «ሲንስ»። «ስሪ ይርስ»፣ «ኤ ሎንግ ታይም»፣ «ቱ ዊክስ» የት ቦታ እንደሚነኩ አታውቅም፤ «ፎር»።

ፈተና አውጪዎች የሚወዱት ወጥመድ «ላስት» ነው። «____ ላስት ዊክ» ሲል ያለፈው ሳምንት መነሻ ነው፤ «ሲንስ»። «____ ዘ ላስት ቱ ዊክስ» ሲል ግን ርዝመት ነው፤ «ፎር»። «ዘ» መኖሯን ሳያዩ የሚያልፉ ብዙ ናቸው።

ሌላው ጉድለት በግሱ ላይ ነው። አማርኛ «እሠራለሁ» ብሎ በአሁን ጊዜ ስለሚናገር «አይ ወርክ ሂር ሲንስ» ተብሎ ይጻፋል። ነገሩ ድሮ ተጀምሮ እስካሁን ከቀጠለ «አይ ሃቭ ወርክድ» ወይም «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ» ነው። ከ«ሲንስ» በኋላ ሙሉ ሐረግ (ባለቤትና ግስ ያለው) ከመጣ ደግሞ የሐረጉ ግስ ኃላፊ ይሆናል፦ «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር ሲንስ አይ ግራጁዌትድ»። በምርጫ ጥያቄ ላይ በአንድ በኩል «ሃቭ» ወይም «ሃዝ» ካለ፣ በሌላው በኩል ኃላፊ ግስ ካለ፣ መሃላቸው «ሲንስ» የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

«ከ» ብለን የምንጠራው ሦስተኛ ቃል «ፍሮም» ነው። እሱ ብዙውን ጊዜ መድረሻም ይጠራል፤ «ፍሮም መንዴይ ቱ ፍራይዴይ»። መድረሻ ከሌለና ነገሩ እስከ አሁን ከቀጠለ ወደ «ሲንስ» ተመለስ። «ከሦስት ዓመት በፊት» ሲሆን ደግሞ «አጎው» ነው፤ ከርዝመቱ ኋላ ይቀመጣል፣ ግሱም ተራ ኃላፊ ነው።

ጥያቄ፦ እድሜዬ ከስድሳ አልፏል። ማታ ማታ የጎልማሶች እንግሊዝኛ ክፍል እገባለሁ። «ኢን»፣ «ኦን» እና «አት» የሚመረጡበት መልመጃ ላይ ብዙ እሳሳታለሁ። ሰዓት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስብኛል። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እናታችን፣ ሦስቱም በአማርኛ «በ» ስለሆኑ ነው። ለጊዜ ሲሆን ከሰፊው ወደ ጠባቡ ያስቡት። ዓመት፣ ወር፣ ወቅት፦ «ኢን»። ቀንና ዕለት፦ «ኦን»። የሰዓቱ ቁርጥ ነጥብ፦ «አት»። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ «ኢን ዘ ሞርኒንግ»፣ «ኢን ዚ አፍተርኑን» ናቸው፤ ሌሊት ግን «አት ናይት»። የሳምንቱ ቀን ከፊቱ ከመጣ ቀኑ ያሸንፋል፤ «ኦን መንዴይ ሞርኒንግ»።

አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚወድቅበት ግን ሌላ ቦታ ነው። «ባለፈው ሳምንት»፣ «በሚቀጥለው ዓመት»፣ «በየቀኑ» ስንል «በ» አብራን ስላለች «ኢን ላስት ዊክ»፣ «ኢን ኔክስት ይር» ብለን እንጽፋለን። በእንግሊዝኛ «ላስት»፣ «ኔክስት»፣ «ዚስ» እና «ኤቭሪ» ካሉ ከፊታቸው ምንም አይገባም። ከምርጫዎቹ አንዱ ባዶ መስመር ወይም «ምንም አያስፈልግም» የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ እነዚህ ቃላት መኖር አለመኖራቸውን ይመልከቱ።

የሰዓቱ ጉዳይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። በእኛ ከ1 እስከ 6 ላለው ስድስት ይደምሩ፤ ጠዋት 3 ሰዓት «ናይን ኦክሎክ» ነው። ከ7 እስከ 12 ላለው ስድስት ይቀንሱ፤ ቀን 8 ሰዓት «ቱ ኦክሎክ» ነው። ሌሊት 9 ሰዓት «ስሪ» ሲሆን፣ እኛ ሌሊት ብንለውም እነሱ «ስሪ ኢን ዘ ሞርኒንግ» ይሉታል። የማዳመጥ መልመጃ ላይ የሰሙትን ቁጥር እንዳለ ይጻፉ፤ መለወጡ ለቀጠሮና ለሐኪም ነው እንጂ ለወረቀቱ አይደለም። የትውልድ ዓመት ከተጠየቁም እንዲሁ ይጠንቀቁ፦ ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል።

ለመጓጓዣ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ፤ ቆመው የሚራመዱበት ሲሆን «ኦን ዘ በስ»፣ «ኦን ዘ ትሬይን»፣ «ኦን ዘ ፕሌን»። ጎንበስ ብለው ገብተው የሚቀመጡበት ሲሆን «ኢን ኤ ካር»፣ «ኢን ኤ ታክሲ»።

ጥያቄ፦ «ኦልዞው» ብዬ ጀምሬ መሃል ላይ «በት» ስጨምር ለምን ይቆረጥብኛል? «ዲስፓይት»ስ በምን ይለያል? (ከጎንደር)

መልስ፦ «ምንም እንኳን ቢዘንብም፣ እኛ ግን ሄድን» በአማርኛ ያማረ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ምንም እንኳን»ም «ግን»ም አሉበት። እንግሊዝኛ ለአንድ ተቃርኖ አንድ ማያያዣ ብቻ ይፈቅዳል። «ኦልዞው» ካለ «በት» ይወጣል፤ «በት» ካለ «ኦልዞው» ይወጣል። «ቢኮዝ» እና «ሶ»ም በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለአንድ ምክንያት አብረው አይገቡም።

«ዲስፓይት» በትርጉም ያው ነው፤ የሚለየው ከኋላው በሚመጣው ነው።

«____ ኢት ሬይንድ ሄቪሊ፣ ዊ ወክድ ሆም።»
«____ ዘ ሄቪ ሬይን፣ ዊ ወክድ ሆም።»

በመጀመሪያው ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ባለቤትና ግስ አለ፤ «ኦልዞው»። በሁለተኛው ስም ብቻ ነው፤ «ዲስፓይት»። ይህንን አንድ ጊዜ ከያዝክ ሌሎች ሁለት ጥንዶች በነፃ ይመጡልሃል፦ «ቢኮዝ» ሐረግ ይፈልጋል፣ «ቢኮዝ ኦፍ» ስም፤ «ዋይል» ሐረግ፣ «ዱሪንግ» ስም። «ዲስፓይት ኦፍ» የሚባል ነገር የለም፤ «ኦፍ» የሚቀበለው «ኢን ስፓይት» ነው። «ዲስፓይት ዘ ፋክት ዛት» ከሆነ ግን ከኋላው ሙሉ ሐረግ ይገባል።

«ሀውኤቨር» ከምርጫዎቹ መሃል ካለ ሥርዓተ ነጥቡን እይ። እንደ ማያያዣ ሲሆን ከፊቱ ነጥብ ወይም ሰሚኮለን (ከላዩ ነጥብ ያለው ኮማ)፣ ከኋላው ኮማ ይፈልጋል። ኮማ ብቻ ከፊቱ አድርጎ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማጣበቅ አይችልም።

ጥያቄ፦ «ቦርድ» ወይስ «ቦሪንግ»? «ራይዝ» ወይስ «ሬይዝ»? «ቦሮው» ወይስ «ሌንድ»? (ከመቀሌ)

መልስ፦ ሦስቱንም በአማርኛ ፍታቸው፤ ቋንቋችን ልዩነቱን አስቀድሞ ለይቶልናል። አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስገራሚ፣ አስደንጋጭ የሚሉት ስሜቱን የሚፈጥሩ ናቸው፤ «አይኤንጂ»። ተሰላችቷል፣ ደክሞታል፣ ተገርሟል፣ ደንግጧል የሚሉት ስሜቱ የደረሰባቸው ናቸው፤ «ኢዲ»። ሰው ሁልጊዜ «ኢዲ» ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ ልክ አይደለም። አስተማሪው ራሱ አሰልቺ ከሆነ «ቦሪንግ» ነው።

ተዋሰ ወይም ተበደረ «ቦሮው» ነው፣ «ፍሮም» ይከተለዋል። አዋሰ ወይም አበደረ «ሌንድ» ነው፣ «ቱ» ወይም ሰው ይከተለዋል። «ራይዝ» ራሱ የሚነሳ፣ «ሬይዝ» ሌላውን የሚያነሳ ነው። በዋጋ ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ «ዋጋ ጨመረ» እና «ነጋዴው ዋጋ ጨመረ» በአማርኛ ግሳቸው አንድ ነው። የመጀመሪያው «ዘ ፕራይስ ሮዝ»፣ የሁለተኛው «ሂ ሬይዝድ ዘ ፕራይስ» ይሆናል። ከባዶ ቦታው ቀጥሎ ተሳቢ ካለ «ሬይዝ»።

ጥያቄ፦ «ማች» ከማይቆጠር፣ «ሜኒ» ከሚቆጠር ጋር ነው ይባላል። ምክር ግን ይቆጠራል፤ «ሦስት ምክር ሰጠኝ» እንላለን። (ከጅማ)

መልስ፦ የሚቆጠር የማይቆጠር የሚለው የነገሩ ጠባይ ሳይሆን የእንግሊዝኛው ቃል ጠባይ ነው። «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ኢክዊፕመንት»፣ «ለጌጅ»፣ «ሆምወርክ»፣ «ኒውስ» አይቆጠሩም። ከኋላቸው «ኤስ» አይገባም፣ ከፊታቸው «ኤ» ወይም «አን» አይቆምም፣ ግሳቸውም ነጠላ ነው። መቁጠር ከተፈለገ «ስሪ ፒስስ ኦፍ አድቫይስ»። «ኒውስ» በ«ኤስ» ቢያልቅም «ኢዝ» ነው የሚከተለው።

በተቃራኒው «ፒፕል» ብዙ ነው። እኛ «ብዙ ሰው ይመጣል» ብለን በነጠላ ስለምንናገር «ሜኒ ፒፕል ካምስ» የሚል ይጻፋል፤ «ካም» ነው። በዚያው ልማድ «አምስት መጽሐፍ» ብለን ስሙን በነጠላ መተው እንችላለን፤ በእንግሊዝኛ ከአንድ በላይ ቁጥር ካለና ስሙ የሚቆጠር ከሆነ የብዙ ምልክቱ ግዴታ ነው። «ፊው» እና «ኤ ፊው»ም ይለያያሉ፦ የመጀመሪያው «እምብዛም የለም» የሚል ቅሬታ አለው፣ ሁለተኛው «ጥቂት አለ» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ደስታ ነው ወይስ እጥረት የሚያወራው? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ራሴ የማወጣቸው የምርጫ ጥያቄዎች ላይ ተማሪዎች «ሁለት መልስ አለው» እያሉ ይከራከሩኛል። አንዳንዴም እውነታቸውን ነው። ጥሩ ጥያቄ እንዴት ይዘጋጃል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ ክርክሩ የሚመነጨው ብዙውን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ከማጠሩ ነው። «ሺ ____ ቱ ስኩል ኤቭሪ ዴይ» ብለው «ጎዝ»፣ «ወክስ»፣ «ራንስ»፣ «ጎ» ቢሰጡ ሦስቱ ልክ ናቸው። ሊፈትኑ የፈለጉት የግሱን ቅርጽ ከሆነ ምርጫዎቹ የአንድ ግስ ቅርጾች ይሁኑ፦ «ጎ»፣ «ጎዝ»፣ «ጎይንግ»፣ «ጎን»። «ሂ ____ ቱ ጎንደር» ደግሞ ጊዜ ጠቋሚ ስለሌለው «ጎዝ»ንም «ዌንት»ንም ይቀበላል፤ «የስተርዴይ» ሲጨመርበት ይዘጋል። «ኤ» እና «ዘ»ን ለመፈተን አንድ ዐረፍተ ነገር አይበቃም። «አይ ሶው ኤ ዶግ ኤንድ ኤ ካት። ____ ዶግ ዎዝ ባርኪንግ» ሲሉ ግን ውሻው አስቀድሞ ስለተጠቀሰ መልሱ አንድ ይሆናል።

የስህተት ምርጫዎችን ከራስዎ አይፍጠሩ፤ ከተማሪዎችዎ ደብተር ይልቀሟቸው። «ሴድ ሚ»፣ «ሲንስ ቱ ይርስ»፣ «ኢን ላስት ዊክ» ብለው የጻፉት ሁሉ ለጥያቄ የተዘጋጀ ጥሬ ዕቃ ነው። አራተኛ ምርጫ ካጡ ማንም የማይመርጠውን ከመጨመር በሦስት መተው ይሻላል። ከባዶ ቦታው በፊት «አን» ካለና በአናባቢ ድምፅ የሚጀምረው ምርጫ አንድ ብቻ ከሆነ መልሱን አሳልፈው ሰጥተዋል፤ «ኤ/አን» ብለው ይጻፉት። ትክክለኛው መልስ ሁልጊዜ ከሌሎቹ የሚረዝም ከሆነም ተማሪ ቶሎ ይነቃበታል። በ20 ጥያቄ ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል 5 ጊዜ ያህል መልስ እንዲሆን ይበትኑ።

ከመባዛቱ በፊት መልሱን ሳያሳዩ አንድ ባልደረባዎ ይሥራው። ባልደረባዎ ያመነታበት ጥያቄ ተማሪ ይከራከርበታል። አዲስ ነጥብ ሲያስተምሩ መጀመሪያ በዚያ ነጥብ ላይ ብቻ 10 ያህል ጥያቄ ይስጡ፤ በሳምንቱ ግን ከቀድሞዎቹ ጋር ደባልቀው ያምጡት። ሁሉም ጥያቄ ስለ «ሲንስ» እና «ፎር» በሆነበት ወረቀት ተማሪው የሚመርጠው ከሁለት ነው፤ እውቀቱ የሚለየው ሲደባለቅ ነው።

ከፈተናው በኋላም ሥራ አለ። ክፍሉ 60 ተማሪ ካለው ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን 15 እና ዝቅተኛ ያመጡትን 15 ወረቀቶች ይለዩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከየቡድኑ ስንቱ እንዳገኘው ይቁጠሩ። ከላይኞቹ 12፣ ከታችኞቹ 5 ካገኙት ጥያቄው በትክክል ይለያል። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ወይም ታችኞቹ ከበለጡ፣ መጀመሪያ የመልስ ቁልፉን፣ ቀጥሎ የዐረፍተ ነገሩን አጻጻፍ ይመርምሩ። አንድም ተማሪ ያልመረጠውን ምርጫ ይቀይሩ። ለሁለተኛ መልስ አሳማኝ ሰዋስዋዊ ምክንያት ያቀረበ ተማሪ ካለ ያንን ምርጫ ለመረጡ ሁሉ ማርኩን ይስጡና ጥያቄውን ለሚቀጥለው ዓመት ከመዝገብዎ ላይ ያርሙት።